«12 ከመቶ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የአውሮፓ ሴቶችና ወንዶች የደመወዝ ክፍተት

በየዓመቱ የሴቶች ቀን ሲቃረብ አንድ ቁጥር ከዜናው ወደ ማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ዩሮስታት ለ2023 ያወጣው 12 ከመቶ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩ በአማርኛ ሲደርሰን አብዛኛውን ጊዜ «በአውሮፓ ለሴት ከወንድ 12 ከመቶ ቀንሶ ይከፈላታል፣ ያውም ለአንድ ዓይነት ሥራ» ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው። «ለአንድ ዓይነት ሥራ» የሚለውን ግን ቁጥሩ አላለም፤ እኛ ነን የጨመርንበት።

ይህን የደረሱበት ሌሎች ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ሮጠው «ያው ውሸት ነው ማለት ነዋ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ቀላል ሥራ መርጠው ነው» ይላሉ። ይሄም አያስኬድም።

ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል እንዳልሆነ ለማየት ሁለት ትንንሽ አገሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ2019 ከኅብረቱ አገሮች የደመወዝ ክፍተቱ ከሁሉም የሰፋው በኢስቶኒያ ነበር፤ 21.7 ከመቶ። ከሁሉም የጠበበው በሉክሰምበርግ፤ 1.3 ከመቶ ብቻ። እንግዲህ ለሴት የምትመቸው ሉክሰምበርግ ናት እንበል? በዚያው ዓመት የጡረታ ገቢ ሲታይ ግን ሰልፉ ተገለበጠ። ዕድሜያቸው 65 ካለፈ ሰዎች መካከል የሉክሰምበርግ ሴቶች ጡረታ ከወንዶቹ በ44 ከመቶ አነሰ፤ ከኅብረቱ ሁሉ የባሰው እሱ ነው። በኢስቶኒያ ልዩነቱ 2 ከመቶ ነበር።

ምክንያቱ የተሠወረ አይደለም። የዛሬዎቹ የሉክሰምበርግ አሮጊቶች በወጣትነታቸው አብዛኞቹ ቤት ነበሩ፤ ባንኩንና የአውሮፓ ተቋማቱን የሞሉት የኋለኞቹ ሴቶች ናቸው። የኢስቶኒያ አሮጊቶች በሶቪየት ዘመን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የጡረታው ስሌት ደግሞ በአመዛኙ የሚቆጥረው የአገልግሎት ዓመትን እንጂ የደመወዙን መጠን አልነበረም። የደመወዙ ቁጥር የዛሬውን ቀን ያሳያል፤ የጡረታው ቁጥር አርባ ዓመት ወደ ኋላ።

ቁጥሩ በትክክል የሚለካው ምንድን ነው?

ዩሮስታት የሚያደርገው እንዲህ ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ይወስዳል፤ እርሻንና የመንግሥት አስተዳደርን ይተዋል። የወንዶችን ሁሉ የሰዓት ክፍያ ግብር ሳይነሳለት ደምሮ አማካዩን ያወጣል፤ የሴቶቹንም እንዲሁ። ሁለቱን አማካዮች ያወዳድራል። ዳይሬክተሩም ጽዳት ሠራተኛዋም አንድ ከረጢት ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ይህን ቁጥር «ያልተጣራ ክፍተት» ይሉታል። «የተጣራ» የሚባለው ሙያን፣ የትምህርት ደረጃን፣ የሥራ ልምድን፣ የድርጅቱን መጠንና የመሳሰሉትን አመሳስሎ፣ የሚመስሉትን ከሚመስሉት ጋር ካወዳደረ በኋላ የሚተርፈው ነው። በጀርመን በ2024 ያልተጣራው 16 ከመቶ ነበር፣ የተጣራው 6 ከመቶ።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «እውነተኛው 6 ነው፣ ሌላው ምርጫ ነው» ይላል። ማጣራት ማለት ግን «ሴቲቱ ለምን የግማሽ ቀን ሥራ ያዘች? ለምን ኃላፊ አልሆነች?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ አይደለም፤ ጥያቄውን ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት ነው። አድልዎው ዕድገት በመከልከል የመጣ ከሆነ፣ ማጣሪያው ራሱን አድልዎውን አጣርቶ ይጥለዋል። የተጣራው ቁጥር ጠቃሚ ነው፣ ሙሉ ታሪኩ ግን አይደለም። ለእኔ ሁለቱን ካልያዙ መከራከሩ ድካም ነው።

ጣሊያን ታዲያ እንዴት ከጀርመን በለጠች?

በ2022 የጣሊያን ያልተጣራ ክፍተት 4.3 ከመቶ ነበር፤ የጀርመን 17.7። ሮምንም በርሊንንም የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ቅንድቡን ከፍ ማድረጉ አይቀርም።

አንድ ትምህርት ቤት ደከም ያሉ ተማሪዎቹን «ዘንድሮ አትፈተኑ» ብሎ ቢያስቀርና ጎበዞቹን ብቻ ለብሔራዊ ፈተና ቢያስቀምጥ አማካይ ውጤቱ ከጎረቤቱ ይበልጣል። ማስተማሩ ግን አልተሻለም። የጣሊያን ነገር ይህን ይመስላል። ከ20 እስከ 64 ዓመት ካሉ ጣሊያናውያን ሴቶች በ2023 ሥራ ላይ የነበሩት ከ100 ወደ 56 ብቻ ናቸው፤ የኅብረቱ አማካይ 70 ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ሊያገኙ ይችሉ የነበሩት ብዙዎቹ «መፈተኛ ክፍሉ» አልገቡም፤ የተማሩትና ጥሩ የሚከፈላቸው ገብተዋል። ሥራ የሌላት ሴት በደመወዝ አማካይ ውስጥ ዜሮ ሆና አትቆጠርም፤ ጭራሽ አትኖርም።

«እኩል ሥራ» እና «እኩል ዋጋ ያለው ሥራ» ይለያያሉ?

በጣም ይለያያሉ፤ የሕጉ ትግል ግማሽ ያህሉ በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት መሠረት የሆነው የ1957ቱ የሮም ስምምነት በአንቀጽ 119 ወንድና ሴት ለእኩል ሥራ እኩል ይከፈላቸው ብሎ ነበር። አንቀጹ ለሃያ ዓመት ገደማ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ ተኝቶ ቆየ። ገብርኤል ደፍሬን የተባለች የቤልጅየሙ አየር መንገድ ሳቤና አስተናጋጅ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ከሚሠሩት ወንዶች ያነሰ ስለተከፈላት ከሰሰች። ሴት አስተናጋጆች 40 ዓመት ሲሞላቸው ይሰናበቱም ነበር። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1976፣ አንድ ሠራተኛ አንቀጹን በቀጥታ ጠቅሶ በአገሩ ፍርድ ቤት መብቱን መጠየቅ ይችላል ሲል ወሰነ።

የደፍሬን ጉዳይ ለማየት ቀላሉ ነው፦ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ትሪ። ከባዱ ሥራው ሲለያይ ነው። በ1968 ለንደን ዳርቻ ዳገነም በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ሥራ አቆሙ። ፋብሪካው ሥራቸውን «ሙያ የማይጠይቅ» ከሚለው እርከን ላይ መድቦት ነበር። ስፌት የሞከረ ሰው ይፍረድ፤ የመኪና ወንበር ማልበስ ሙያ ካልሆነ ሙያ ምንድን ነው? ወንበር ከሌለ መኪና አይሸጥምና ምርቱ ቆመ፤ ሴቶቹ ወንዶቹ በዚያው እርከን ከሚያገኙት 92 ከመቶ ተሰጥቷቸው ተመለሱ። ትግሉ ብሪታንያ በ1970 ላወጣችው የእኩል ክፍያ ሕግ መነሻ ሆነ። የጠየቁት ዋናው ነገር፣ ማለትም ስፌት ሙያ ነው መባል፣ የተሰጣቸው ግን በ1984 ሌላ አድማ ከመቱ በኋላ ነው።

«እኩል ዋጋ ያለው ሥራ» የሚለው ቃል የመጣው ለዚህ ነው። ሁለት ሥራዎች መልካቸው ቢለያይም የሚጠይቁት ችሎታ፣ ጥረት፣ ኃላፊነትና የሚሠሩበት ሁኔታ ሲመዘን እኩል ከሆኑ ክፍያቸውም እኩል ይሁን ማለት ነው።

ክፍተቱ የሚከፈተው መቼ ነው?

ላለፉት አሥር ዓመታት ምርምሩ ብዙ ወደፊት የሄደው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ቆም ብሎ ማየቱም ተገቢ ነው።

ዴንማርክ የእያንዳንዱን ነዋሪ ገቢ፣ ሥራና የቤተሰብ ሁኔታ ለአሥርተ ዓመታት በመዝገብ ይዛለች። ሄንሪክ ክሌቨን፣ ካሚይ ላንዴ እና ያኮብ ኤግሆልት ሶጎር የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1980 እስከ 2013 ያለውን መዝገብ ወስደው አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። ለእያንዳንዱ ወላጅ የመጀመሪያ ልጁ የተወለደበትን ዓመት «ዜሮ» አሉት። ከዚያ ከዜሮ በፊት ያሉትንና በኋላ ያሉትን ዓመታት የሴቶቹንም የወንዶቹንም ገቢ ደርድረው ተመለከቱ።

ከዜሮ በፊት ሁለቱ መስመሮች እንደ ሁለት ሯጮች ትከሻ ለትከሻ ይሄዳሉ። ዜሮ ላይ የሴቶቹ መስመር እንደ ገደል ይወርዳል፤ የወንዶቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ያገግማሉ፤ ወደነበሩበት ግን አይመለሱም። ከአሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላም የእናቶች ገቢ ልጅ ባይመጣ ይሆን ከነበረው በ20 ከመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ጉድለቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ ከሥራ መውጣት፣ ሰዓት መቀነስ፣ የሰዓት ክፍያው ራሱ ማነስ። ሦስቱም የየድርሻቸውን ይዘዋል።

ተመራማሪዎቹ ይህን «የልጅ ቅጣት» ይሉታል። ቃሉ ለጆሯችን ይከብዳል። እኛ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለን ነው ያደግነው፤ በዴንማርክ መዝገብ ላይ ዕድሉ ከእናቱ ደመወዝ እየተቀነሰ ይታያል እንጂ።

በዚያው ጥናት ሌላም ቁጥር አለ። በ1980 በዴንማርክ ከወንዶችና ሴቶች የገቢ ልዩነት 40 ከመቶ ገደማው ከልጅ ጋር የተያያዘ ነበር፤ በ2013 ወደ 80 ከመቶ ደረሰ። ይህ ማለት የልጅ ጫና ከበደ ማለት አይደለም። የትምህርትና ግልጽ የአድልዎ ልዩነቶች እየሟሙ ሄደው ከቀረው ላይ ትልቁን ቦታ የያዘው የልጅ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው፤ ማሰሮው ውስጥ ውሃው ሲቀንስ ድንጋዩ ብቅ እንደሚል።

«ተፈጥሮ ነው፤ የምትወልደው፣ የምታጠባው እሷ ናት» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ተመራማሪዎቹም ጠይቀውታል። ጉዲፈቻ የወሰዱ ቤተሰቦችን ለብቻ አዩ፤ እዚያ እርግዝናም ወሊድም ጡት ማጥባትም የለም። (ዴንማርክ ከኢትዮጵያም ጭምር ሕፃናት በጉዲፈቻ ይሄዱባት የነበረች አገር ናት፤ ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በ2018 በሕግ ከልክላለች።) በመጀመሪያው ጊዜ ትንሽ ልዩነት ቢኖርም ከዓመታት በኋላ የአሳዳጊ እናቶችም ገቢ ከወላጅ እናቶች ጋር ተመሳሳይ ቦታ ላይ ወድቆ ተገኘ። አባቶቹ እንደተለመደው መንገዳቸውን ቀጥለዋል።

ከአገር አገር ሲታይ ደግሞ የዚህ ቅጣት ስፋት በጣም ይራራቃል። በዚሁ ስሌት በዴንማርክ 21፣ በስዊድን 26፣ በብሪታንያ 44፣ በኦስትሪያ 51፣ በጀርመን 61 ከመቶ ነው። የጀርመንና የዴንማርክ ሴቶች አካል አንድ ነው፤ ድንበር ይጋራሉ። የሚለያየው በዙሪያቸው ያለው ነው።

ከዙሪያው አንዱ የሰው አፍ ነው። ጀርመንኛ ልጇን ጥላ ሥራ የምትሄድን ሴት የሚሰድብበት «የቁራ እናት» የሚል የቆየ ቃል አለው። ሌላው ታሪክ ነው። በምሥራቅ ጀርመን በሶሻሊስቱ መንግሥት ዘመን ሕፃናት ማቆያ በየቦታው ነበር፣ እናቶችም ሙሉ ቀን ይሠሩ ነበር። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ በ2024 የደመወዝ ክፍተቱ በምሥራቅ 5 ከመቶ፣ በምዕራብ 17 ከመቶ ነው። እውነቱን ለመናገር የምሥራቁ ቁጥር ያነሰበት አንዱ ምክንያት የወንዶቹም ደመወዝ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው፤ ሁሉንም ለማቆያው መስጠት አይቻልም።

የግብር ሕግ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ጀርመን የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ክፍል ከእኔ በተሻለ ታውቁት ይሆናል፤ «ሽቶየርክላሰ (የግብር መደብ) ሦስት እና አምስት» የሚባለው ነው።

ጀርመን ከ1958 ጀምሮ ባልና ሚስትን እንደ አንድ ኪስ ነው የምትቆጥረው። የሁለቱ ገቢ ይደመራል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ በግማሹ ላይ ግብር ይሰላል፣ ውጤቱ በሁለት ይባዛል። ሁለቱ እኩል የሚያገኙ ከሆነ ምንም ጥቅም የለውም። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ወይም ምንም ካላገኘ ግን ቁጠባው ትልቅ ነው። ሕጉ ስለ ሴት አንድም ቃል አይናገርም። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት የምታገኘው ሚስት ስለሆነች፣ ሥራ ስትጀምር የምታገኘው ገንዘብ በባሏ ገቢ አናት ላይ እንደተደረበ ሆኖ ይቀረጣል።

የወር ደመወዙ ላይ ደግሞ እንዲህ ይታያል። በ2025 አንድ ሰው በዓመት እስከ 12,096 ዩሮ ድረስ የገቢ ግብር አይከፍልም። ባል ክላስ 3 ሲይዝ የራሱንም የሚስቱንም ከግብር ነፃ የሆነ ገንዘብ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ክላስ 5 የያዘችው ሚስት ደመወዝ ከሞላ ጎደል ከመጀመሪያው ዩሮ ጀምሮ ይቆረጣል። በዓመቱ መጨረሻ የቤቱ ጠቅላላ ግብር ያው ነው፤ ክላሱ የሚለውጠው በየወሩ በማን እጅ ስንት ይገባል የሚለውን ነው። ብዙዎች «አንድ ቤት አይደለን፣ ምን ለየው?» ብለው ይፈርማሉ። የሚለየው ልጅ ሲመጣ ነው። ኤልተርንጌልድ የሚባለው የወላጅነት ክፍያ ከተጣራ ደመወዝ (ማለትም ተቆራጩ ወጥቶ እጅ ከሚገባው) 65 ከመቶ ገደማ ሆኖ ይሰላል፤ መነሻው 300፣ ጣሪያው 1,800 ዩሮ ነው። የተጣራ ደመወዟ በክላስ 5 የተቀጠቀጠ እናት ክፍያዋም ተቀጥቅጦ ይመጣል። ሥራ ብታጣ የሥራ አጥነት ክፍያውም እንደዚያው። ክላሱን መቀየር ይቻላል፣ ግን ቀድሞ ነው፤ ሆድ ከገፋ በኋላ ጊዜው አልፏል።

ሚኒጆብ የሚባለው የወር ክፍያው ትንሽ የሆነ ሥራ ሲጨመርበት አጥሩ ይበልጥ ይታያል። በ2025 በወር እስከ 556 ዩሮ የምትሠራ ሚስት ግብር አትከፍልም፣ በባሏ የጤና መድን ሥርም በነፃ ትቆያለች። ከዚያ አንድ እርምጃ ስትወጣ የራሷን መድን መክፈል ትጀምራለች፣ ግብሩም ይጀምራል። ብዙ ሰዓት ሠርታ በእጇ የሚጨመረው ጥቂት ይሆናል። ስንፍና አይደለም፣ ሂሳብ ነው።

ስዊድን በ1971 ለእያንዳንዱ ሰው በደመወዙ ልክ ለብቻው ግብር ማስላት ጀመረች። የብዙ ስዊድናውያን ሚስቶች ሥራ መውጣት ከዚያ ውሳኔ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

የአባቶች ፈቃድስ ለውጥ አመጣ?

በከፊል። ስዊድን በ1974 የወሊድ ፈቃድን «የወላጅ ፈቃድ» አድርጋ ለአባትም ስትከፍት ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። አባቶች ግን አልመጡም። ኖርዌይ በ1993 «ይህቺ አራት ሳምንት የአባት ናት፣ ካልወሰዳት ትቃጠላለች» አለች፤ ስዊድን በ1995 በአንድ ወር ተከተለች። ያኔ መጡ። «መብት አለህ» ሲባል ያልተንቀሳቀሰ አባት «ያመልጥሃል» ሲባል ተነሳ፤ ለአለቃውም ምክንያት አገኘ። ዛሬ በስዊድን ለአንድ ልጅ 480 ቀን አለ፣ ከዚያ 90ው ለእያንዳንዱ ወላጅ የተቆለፈ ነው። እንዲያም ሆኖ ከሚወሰደው ቀን አባቶች የሚወስዱት ሲሶ ገደማ ነው።

ኦስትሪያ ደግሞ ተስፈኞችን የምታበርድ አገር ናት። በ1990 ፈቃዱን ከአንድ ዓመት ወደ ሁለት አሳደገች፣ ቆይታም መዋዕለ ሕፃናትን አስፋፋች። ክሌቨንና ባልደረቦቹ የስድሳ ዓመት ፖሊሲዋን መርምረው፣ ይህ ሁሉ የወንዶችና የሴቶችን ገቢ በማቀራረብ ረገድ ከሞላ ጎደል ምንም አልፈየደም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ፈቃድ ማስረዘምና እኩልነት አንድ ነገር አለመሆናቸውን ፖለቲከኞች ሲሰሙት አይወዱም። ረጅሙን ፈቃድ የምትወስደው እናት ብቻ ከሆነች ከሥራ የምትርቅበትን ጊዜ ነው የሚያራዝመው።

አዲሱ የአውሮፓ ሕግ ምን ይለውጣል?

በሜይ 2023 የጸደቀው የደመወዝ ግልጽነት መመሪያ ለአባል አገሮች በየሕጋቸው እንዲያስገቡት እስከ ጁን 7 ቀን 2026 ጊዜ ሰጥቷል። ሥራ ፈላጊው የመነሻ ደመወዙን ወይም ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። አሠሪ «ቀድሞ የነበርክበት ቦታ ስንት ነበር የሚከፈልህ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ይህቺ ለስደተኛም ትልቅ ነገር ናት፤ የመጀመሪያ ሥራውን በጽዳት ወይም በመጋዘን በትንሽ ክፍያ የጀመረ ሰው ያቺ ትንሽ ቁጥር ከቅጥር ቅጥር ትከተለው ነበር። ሠራተኛ ደመወዙን ለባልደረባው እንዳይናገር የሚከለክል ውል ዋጋ የለውም። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች በሂደት ሪፖርት ማድረግ ይጀምራሉ፤ በአንድ የሥራ መደብ ውስጥ 5 ከመቶና ከዚያ በላይ ልዩነት ተገኝቶ አሠሪው በቂ ምክንያት ካላቀረበና በስድስት ወርም ካላስተካከለ ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር ተቀምጦ ደመወዙን ይመረምራል።

ይሠራል ወይ ለሚለው የዴንማርክ ተሞክሮ አለ። በ2006 35 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች የደመወዝ መረጃቸውን በጾታ ለይተው እንዲያሳዩ ታዘዙ። ክፍተቱ ጠበበ። የጠበበው ግን በአብዛኛው የሴቶቹ ደመወዝ ተስፈንጥሮ ሳይሆን የወንዶቹ ጭማሪ ስለቀዘቀዘ ነው። የአሠሪው ወጪ ብዙም አልጨመረም፤ ወንድ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ፊቱ አይፈታም።

መመሪያው የሚያየው በአንድ ድርጅት ውስጥ የሚከፈለውን ነው። ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ለማውጣት ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ሥራ የማትቆየው እናት በዚያ ሪፖርት ውስጥ የሰዓት ክፍያዋ ይታያል። ያልሠራችው ሰዓት ግን የትም አይጻፍም፤ የሚጻፈው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ከጡረታ መሥሪያ ቤት በሚመጣላት ደብዳቤ ላይ ነው።